የደብሪቱ ጋቢ

እትዬ አስካለ ማረፋቸውን የሰማሁት ኮሌጅ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ባዮሎጂ ላብ ልገባ ስል እናቴ በፔጀሬ ቢፕ አደረገችኝ። ከኮሪደሩ የሕዝብ ስልክ መልሼ ስደውልላት፣ "ተቀምጠሻል?" አለችኝ። መቀመጫ አልነበረም። "አዎ፣ ተቀምጫለሁ" አልኳት። ሰው እንዳይጨነቅ ብዬ እንዲህ ያለውን እዋሻለሁ።

"አስካለ አረፈች። ጠዋት እንስሶቿን ልታጠጣ እንደወጣች አጥሩ ሥር ወድቃ ተገኘች። ልቧ ነው አሉ።" ቀጥላም፣ "ማን እንደነገረኝ ታውቂያለሽ? ደምሴ። እያለቀሰ" አለችኝ።

ላብ ገባሁ። የዚያን ቀን ምን እንደሠራን አላስታውስም። የማስታውሰው ከሐዘኔ በፊት ንዴቴ እንደደረሰ ነው። ደምሴ በየት ዓይኑ ያለቅሳል?

የተማሪዎች ማኅበራችን ስለማልረሳው ሰው ለመጽሔቱ እንድጽፍ ሲጠይቀኝ፣ አዘጋጆቹ "ቀና ነገር ቢሆን ይመረጣል" ብለውኛል። የተቻለኝን አደርጋለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ላሳውቅ። እናቴ ታላቅን አክብሪ ብላ ነው ያሳደገችኝ፤ ደምሴንም ፊት ለፊት "እርስዎ" ነው የምለው። እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን "እሱ" እለዋለሁ። ተሳስቼ አይደለም፤ አስቤበት ነው።

እትዬ አስካለ እዚህ አሜሪካ፣ ከጀርመንታውን ከተማ አለፍ ብሎ ባለ አንድ ትንሽ እርሻ ላይ አልፓካ ያረቡ ነበር። አልፓካ ከበግ ከፍ የሚል፣ አንገተ ረጅም፣ ዓይኑ ትልልቅ፣ ጠጉሩ ከጥጥ የሚለሰልስ የደቡብ አሜሪካ እንስሳ ነው። እርሻው የአንዲት አሮጊት ፈረንጅ ነው። ሴትዮዋ ባሏ ሲሞት ለጊዜ ማሳለፊያ ብላ ጥቂት አልፓካዎች ገዛች፤ ከዚያ ጉልበቷ ከዳት። እትዬ አስካለ እሷን ሊያስታምሙ ተቀጥረው ሄዱና በዓመቱ እንስሶቹንም ያስታምሙ ጀመር። አገር ቤት የእንስሳት ጤና ረዳት ነበሩ፤ በበቅሎ እየዞሩ የስንቱን መንደር በግና ከብት ከትበዋል። ሴትዮዋ ሁለት እንስት ግልገሎች ሰጠቻቸው። አንዷን ደብሪቱ፣ ሌላዋን ሎሚ አሏቸው። አውራው ወደ ሴቶቹ ሲሄድ አንገቱን ቀና አድርጎ እያንጎራጎረ ስለሚራመድ "ፊታውራሪ" ይሉት ነበር። ለበዓል ለወዳጅ የሚሆኑ ጥቂት በጎችም ነበሯቸው።

አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ከእግራቸው ቢጫ የጎማ ቦቲ የማይለይ ሴት ነበሩ። ሰላምታቸው እንደማንም አልነበረም። ሦስቴ ከሳሙኝ በኋላ በአውራ ጣታቸው የታችኛውን የዓይኔን ቆብ ገለብ አድርገው፣ ልክ በግ እንደሚመረምሩ፣ "ደም አለሽ፤ ጥሩ ነው" ይሉኝ ነበር። ቄሱንም እንዲሁ ሲያደርጉ አይቻለሁ።

ደምሴ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሐበሻ ሸቀጥ የሚሸጥበት ግሮሰሪ አለው፤ ከኋላ ሥጋ ይሸጣል። ከአሥራ አንደኛ ክፍል ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ ካሽ ሬጅስተሩ ላይ የምሠራው እኔ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ እትዬ አስካለ ሥጋ መሸጫው ጋ ሰልፍ ይዘው ቆዩና፣ የተመዘነላቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው መልሰው አስቀመጡት።

"ደምሴ፣ ይህን አገር ቤት ባገኘው ኖራ ነስንሼ አስቀብረው ነበር።"

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ ፊቱ ግን ጠቆረ። ከዚያ በኋላ ለበዓል በግ የሚፈልግ ብዙ ሰው ወደ ጀርመንታውን መንዳት ጀመረ።

በሳምንቱ ደምሴ ወደ እኔ ጠጋ አለ። "ቲጂ፣ አንቺ ተማሪ ነሽ። ያ አስካለ የምታረባው አንገቱ የረዘመው ምንድን ነው?"

"አጣርቼ ልንገርዎት፣ ጋሼ" አልኩት። ማንም አላስገደደኝም። ትምህርት ቤታችን ላይብረሪ ገብቼ ኢንሳይክሎፒዲያ ገለጥኩ፤ በትንሽ ካርድ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ "አልፓካ፦ ከግመል ቤተሰብ የሆነ እንስሳ" ብዬ ጽፌ አመጣሁለት። ሁለት ጊዜ አነበበው። ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተውና "ጎበዝ" አለኝ። ያን "ጎበዝ" ቤቴ እስክደርስ ድረስ ደስ እያለኝ ይዤው ሄድኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካርዷ ከኪሱ ትወጣና ትገባ ጀመር። "ግመል እኮ ነው የምታረባው! ከመጽሐፍ የተገለበጠ ነው፤ ይኸው አንብቡ።" በመጀመሪያው ሳምንት ወሬው ይኼው ብቻ ነበር። በሁለተኛው፣ "በጉ የሚታረደው በዚያው ቢላ ነው" ሆነ። በሦስተኛው፣ "በግ ነው ብላ የምታበላው ምን እንደሆነ ማን ያውቃል?" እኔ ሬጅስተሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም እሰማ ነበር። ዝም ብዬ ዕቃ በፌስታል እከት ነበር።

የጥር ማርያም ማኅበር ተራው የእትዬ አስካለ ሆነ። ከእናቴ ጋር ሄድን። መሬቱ በረዶ ለብሷል። አልፓካዎቹ አጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰልፈው ከመኪና የሚወርደውን ሁሉ ይመለከታሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ፈጠን ፈጠን እያሉ አለፏቸው። ጸሎት ተደረገ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ከዚያ ወጡ ቀረበ። እትዬ አስካለ በእጃቸው ያሳደጉት በግ ነው፤ ቀዩም አልጫውም ጥብሱም።

ማንም አልነካውም።

"እኔ እንኳ በልቼ ነው የመጣሁት፣ አስኩዬ።"

"ዶክተሬ ሥጋ ከልክሎኛል። ኮሌስትሮል ነው ምናምን ይላል።"

"ስለት አለብኝ፤ እስከ ኪዳነ ምሕረት ሥጋ አልቀምስም።"

"አንተስ፣ ደምሴ?" አሉት እትዬ አስካለ።

"የማርያም ዳቦ ይበቃኛል" አለ፤ የሸሚዝ ኪሱን ዳበስ አድርጎ።

እትዬ አስካለ ጭልፋውን እንደያዙ ሁሉንም ተራ በተራ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺስ፣ የኔ ልጅ?"

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። "ሆዴን አሞኛል" አልኩ።

በመስኮቱ የደብሪቱ አንገት ይታይ ነበር። እትዬ አስካለ ወደዚያ አዩ፤ ወደ እኛ አዩ፤ ገባቸው። አልጮኹም። እንደቆሙ አንድ ጉርሻ ጠቅልለው ጎረሱና እያየናቸው አኝከው ዋጡ። ከዚያ ድስቶቹን አንድ በአንድ ከደኗቸው። ሦስት ክዳን ነበር። የሦስቱንም ድምፅ ለይቼ አስታውሳለሁ።

ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ በግራና በቀኛቸው ያለው መቀመጫ ባዶ ይቀር ነበር። ቆይተው መምጣቱንም ተዉት። የማኅበሩ አዲስ የተራ ዝርዝር ሲወጣ ስማቸው አልነበረበትም። ይህ ቀላል ነገር ለሚመስለው አንባቢ ላስረዳ። እትዬ አስካለ በዚህ አገር ዘመድ አልነበራቸውም። ማኅበሩ ማለት ሲታመሙ የሚጠይቃቸው፣ ሲሞቱ የሚቀብራቸው ሰው ማለት ነበር። ያንን ነው ደምሴ የቀማቸው፤ በእኔ የእጅ ጽሑፍ።

ግንቦት ላይ የእናቴን መኪና ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ስለማመድ ነበር። እትዬ አስካለ ደብሪቱን አስተኝተው በትልቅ መቀስ ጠጉሯን እየሸለቱ ደረስኩ።

"እትዬ፣ ግመል ነው ብዬ ለጋሽ ደምሴ የጻፍኩለት እኔ ነኝ።"

መቀሱን አላቆሙም። "ታዲያ ውሸት ነው? የግመል የአጎት ልጅ ነው። እውነቱን ጽፈሽ ለማይሆን ሰው ሰጠሽ። ነይ፣ ይህን እግር ያዢልኝ።"

ያዝኩ። ደብሪቱ አንገቷን አዞረችና ፊቴ ላይ ተፋችብኝ። አረንጓዴ ነው፤ ሽታውን ለመግለጽ የምችል አይመስለኝም። እትዬ አስካለ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

"ይኸው፣ ተበቀለችልኝ! አይዞሽ፣ ባንቺ አይደለም። አርግዛለች። ያረገዘች አልፓካ ፊታውራሪን ስናመጣባት ትተፋበታለች። መያዟን የምናውቀው በዚያ ነው። ካልተፋች ገና ባዶ ናት።"

ፊቴን በእጅጌዬ እየጠረግሁ፣ "እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እናገራለሁ። ጋሽ ደምሴ ውሸቱን ነው እላለሁ" አልኳቸው።

"ምን ይዘሽ?"

"እውነቱን።"

"እውነትማ እሱም ኪስ ውስጥ አለች፤ በእጅሽ ጽሑፍ።" መቀሱን አስቀምጠው አዩኝ። "ሳትይዢ አትትፊ፣ ልጄ። ሰው የሚዋረደው ባዶውን ሲተፋ ነው። ይህች እንስሳ አሥራ አንድ ወር ተኩል ትሸከማለች። ማንም አያውቅባትም። ስትወልድ ግን ጨለማ አትፈልግም፤ ፀሐይ ወጥቶ፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው የምትወልደው። ቂምም እንደዚያ ነው የሚያምረው።"

ከአጥሩ ማዶ አንድ አጋዘን ቆሞ ነበር። ድንጋይ አንስተው ወረወሩበት።

"ይህ አጋዘን ትል ተሸክሞ ይዞራል፤ እሱን ምንም አያደርገውም። በጠጡን ጥሎ ይሄዳል። ቀንድ አውጣው ከበጠጡ ትሉን ይወስዳል፣ ቀንድ አውጣው ያለበትን ሣር የበላች አልፓካ ወገቧ ይያዛል። በየወሩ መርፌ የምወጋቸው ለዚህ ነው። ደምሴም እንደዚያ ነው። ቃሉን ጥሎ ያልፋል፤ ወገቡ የሚያዘው ሌላው ነው።"

"ለእሱስ መርፌው ምንድን ነው?"

የተሸለተውን ነጭ ጠጉር አቀፉት። "ይኸው፣ ታቅፌዋለሁ" አሉ።

ያን የአሜሪካ በጋ ከሥራ በኋላ እሑድ እሑድ እየሄድኩ ጠጉሩን ማበጠር ለመድኩ። እሳቸው በእንዝርት ይፈትሉታል። ኅዳር ላይ ፈትሉን ይዘን እዚሁ አካባቢ አሌክሳንድሪያ ወደሚኖሩት ወደ ጋሽ አየለ ሄድን። ጋሽ አየለ የኤርፖርት ሻትል ይነዳሉ፤ አገር ቤት ግን ሸማኔ ነበሩ። አፓርትመንት ውስጥ የእግር ጉድጓድ መቆፈር ስለማይቻል የእንጨት ፓሌት ደራርበው እላዩ ላይ ተቀምጠው ነው የሚሸምኑት። ድሩን ጥጥ፣ ማጉን የደብሪቱን ጠጉር አድርገው ጋቢ ሠሩ። ሲያልቅ ጉንጫቸው ላይ አስነክተው፣ "አስካለ፣ ይህን ለማን ነው?" አሏቸው።

"ለጠላቴ።"

"ለጠላትሽ እንዲህ ከሆነ ለወዳጅሽ ምን ልትሰጪው ነው?" አሉ ጋሽ አየለ።

ጋቢውን በወረቀት ከረጢት አድርገው ለእኔ ሰጡኝ። "ወስደሽ ስጪው።"

"ማን ላከው ቢለኝስ?"

"አስካለ በይው።"

"ከምንድን ነው የተሠራው ቢለኝስ?"

"ከደብሪቱ ጠጉር በይው። ለጠየቀሽ እውነቱን ንገሪ። ላልጠየቀሽ ዝም በይ። ያኔ ያጠፋሽው ከተጠየቅሽው በላይ ጽፈሽ መስጠትሽ ነው።"

"ኃጢአት አይሆንም? ለብሶት ቤተ ክርስቲያን ቢገባ..."

"የቤተ ክርስቲያናችንን ቄስ፣ አባን፣ ጠይቄአለሁ። የማይበላ እንስሳ ጠጉሩ አያረክስም ብለውኛል። ይልቅ አንቺ አደራ፣ እንዳትዋሺ።"

መልሶቹን እንደ ፈተና አጠናኋቸው። ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ከረጢቱን ሰጠሁት። "ጋሼ፣ ለእርስዎ የተላከ ጋቢ ነው" አልኩና ጥያቄውን ጠበቅሁ። እጁን ከተተ። አውጥቶ ትከሻው ላይ ጣል አደረገው፣ በመስታወቱ ራሱን አየ። አንዲት ደንበኛ ቀረብ ብላ ዳሰሰችው። "ወይ ጉድ! ደምሴ፣ ይህ ከየት ነው?"

"ከአገር ቤት እህቴ ልካልኝ ነው" አለ፤ ዓይኑን እንኳ ሳይሰብር።

እኔን አልጠየቀኝም። ያን ቀን አልጠየቀኝም፤ በሚቀጥለውም ሳምንት አልጠየቀኝም። አምስት እሑድ ያን ጋቢ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ከፊት ቆመ። ለነካው ሁሉ፣ "የአገር ቤት ጥጥ እኮ ነው፤ እዚህ የት ይገኛል" ይል ነበር።

ጥምቀትን በቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ነበር ያከበርነው። ፀሐይ ወጥቷል፣ ብርዱ ግን ያንገበግባል። ውሃው ተባርኮ ሰው ሁሉ ሲረጭ እትዬ አስካለ መጡ፤ ነጭ ለብሰው፣ እግራቸው ላይ ያው ቢጫ ቦቲ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ቀጥ ብለው ወደ ደምሴ ሄዱ።

"እንኳን አደረሰህ፣ ደምሴ።"

"እንኳን አብሮ አደረሰን" አለ፤ ሰው እያየው ነው።

የጋቢውን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ያዝ አደረጉ። "ሞቀህ?"

"በጣም። ከአገር ቤት እህቴ ልካልኝ ነው።"

"እህትህ ደብሪቱ ነው ስሟ?"

"የምን ደብሪቱ?"

"ግመሏ ናታ።"

መጀመሪያ አልገባውም። ጋሽ አየለ ከሰው መሃል፣ "የሸመንኩት እኔ ነኝ፤ እዚሁ አሌክሳንድሪያ" ሲሉ ግን ገባው። እሳት እንደነካው ሰው ጋቢውን ከላዩ ገፎ እርጥቡ አስፋልት ላይ ወረወረው። "ርኩስ አለበሰችኝ! ሰው ስሙልኝ፣ ርኩስ አለበሰችኝ!"

እትዬ አስካለ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "ርኩስ ከሆነ አምስት እሑድ ሙሉ እግዚአብሔር ቤት ያስገባኸው አንተ ነህ። ካልሆነ ደግሞ የኔን ድስት ለምን አስከደንከው?"

አባ መስቀላቸውን ይዘው ቀረብ አሉ። "አንሣው፣ ደምሴ። መጥምቁ ዮሐንስ የለበሰው የግመል ጠጉር ነው። በዛሬው ቀን ትጥለዋለህ?"

ከኋላ አንዲት ሴት፣ "ታዲያ እህቱስ?" ብላ ሳቀች። ሳቁ ተያያዘ። ደምሴ ዞር ዞር ብሎ እኔን አገኘኝ። "አንቺ ነሽ ያመጣሽልኝ! ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቁኝም፣ ጋሼ" አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ የጣመኝ ዓረፍተ ነገር የለም።

በማግስቱ ሥራውን ተውኩ። የማኅበሩ ሴቶች ጀርመንታውን ድረስ ሄደው የእትዬ አስካለ እግር ላይ ወደቁ፤ እናቴም አብራ ነበረች። እትዬ አስካለ አነሷቸው፣ ዓይናቸውን ገለብ ገለብ እያደረጉ አዩ፣ ምግብ አቀረቡ። ሁሉም በላ። ስማቸው ወደ ዝርዝሩ ተመለሰ። ደምሴ ግን አልሄደም፣ ይቅርታም አልጠየቀም። አባ እትዬ አስካለን እንዲታረቁ ቢለምኗቸው፣ "እግዜር ይቅር ይበለው፤ እኔ ሥራ አለብኝ" አሏቸው። ከአስፋልቱ ያነሱትን ጋቢ አጥበው ኮሌጅ ልገባ ስል ለእኔ ሰጡኝ።

በመስከረም አረፉ። ማኅበሩ ቀበራቸው።

አርባቸው ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ወጣ። ሥጋው ከእሳቸው እርሻ የመጣ ነበር። ደምሴ ማይኩን ያዘ። "እናታችን ነበረች" አለ። "ከእጇ ያልበላ፣ ከደግነቷ ያልቀመሰ ማን አለ?" እያለ በመሐረብ ዓይኑን ጠረገ። እኔ ጋቢውን አደግድጌ ድስቱ ጋ ቆሜ ነበር፤ ጭልፋው እጄ ላይ ነው። እየሰማሁት ሦስቱ ክዳኖች ጆሮዬ ውስጥ ተራ በተራ ተከደኑ።

ንግግሩን ጨርሶ ሰሐን ይዞ መጣ። ጨለፍኩለት። እዚያው እንደቆመ ጠቅልሎ ጎረሰ። ሁለተኛውን ሲጎርስ ዓይኑ ጋቢው ላይ ዐረፈ። ማኘኩን አቆመ። ወደ ድስቱ አየ፣ ወደ እኔ አየ፤ ጎንበስ ብሎ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣

"ቲጂ፣ የምን ሥጋ ነው?" አለኝ።

በመጨረሻ ጠየቀኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። ለጠየቀሽ እውነቱን ንገሪ መባሌንም አልረሳሁም፤ እትዬ አስካለ ቢኖሩ ይቆጡኝ ነበር። ዓይን ዓይኑን አየሁት። አፉ እንደሞላ ጠበቀኝ። መትፋት አይችልም፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው ነው፣ አሁን "ከእጇ ያልበላ ማን አለ" ብሎ ገና መውረዱ ነው። መዋጥም አልቻለም።

ቀስ ብዬ ድስቱን ከደንኩት።

በግ ነበር። ለማንም ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚህ መጽሔት አንድም ቅጂ በደምሴ ግሮሰሪ እንዳይቀመጥ አዘጋጆቹን በትሕትና እለምናለሁ።